የኤሲ ዋጋ እጥፍ የሆነው በቀረጥ ነው?

መድኃኒት ቤቷ (ድሬዳዋ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ሳቢያን ሰፈር ትንሽ መድኃኒት ቤት አለችኝ። ግማሹ ካርቶን ላይ «ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ» ይላል። ትናንት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የመደርደሪያው ቴርሞሜትር 33 አሳየኝ። ኤሲዬ ተቃጥሏል፤ ቬንትሌተሩ ያንኑ ሙቀት እያዞረ ይመልስልኛል። በ2015 ባለ 12 ሺህ ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅሙ መለኪያ ነው) ኤሲ በ52 ሺህ ብር ገዛሁ። ዛሬ ያው ዓይነት 115 ሺህ ተባልኩ። ሻጩ «ቀረጥ ነው እህቴ» ብሎ ዘጋኝ። እውነት ነው ወይስ እየተበላሁ ነው?

ትራንዚተሩ (ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቀው)፦
እህቴ፣ ግማሽ እውነት ነው። የቀረጡ መቶኛ ባይነካ እንኳ የሚሰላበት ብር አብጧል። ዕቃው ከነማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ 300 ዶላር ነው እንበል። የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት፣ ዶላሩ በ57 ብር ሲመታ 17,100 ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ በ135 ሲመታ 40,500 ሆነ።

ለምሳሌ ቀረጡን 30 በመቶ አድርጊው። ከነቀረጡ በተደመረው ላይ ቫት 15 በመቶ ይመጣል። ቫቱም ተደምሮ ሱር ታክስ የሚባል ተጨማሪ ታክስ 10 በመቶ ይጫንበታል። ታክስ በታክስ ላይ ነው። ድሮ 11 ሺህ ግድም የነበረው ክፍያ 26 ሺህ ገባ፤ መቶኛው ግን ያው ነው። ማኅበራዊ ልማት ቀረጥ የሚባለውን ሌላ ክፍያ ትቼው ነው።

ስለዚህ ቀረጡና ታክሱ የጨመረብሽ 15 ሺህ፣ ዶላሩ 23 ሺህ። ከ63 ሺህ ጭማሪው ወደ 25 ሺህ ይቀራል። እሱን ሻጩ ያስረዳሽ። ደግሞ ብዙው ነጋዴ ያኔም ዶላሩን በጥቁር ገበያ ነበር የሚገዛው፤ ያ በ52 ሺህሽ ውስጥ ነበረ፤ ስለዚህ የዶላሩ ጭማሪ ከ23 ሺህም ሊያንስ ይችላል።

ድሬ ልጅ፦
አቦ ምን አስጨነቀሽ! ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ወረቀት) የሌለው በርካሽ ሞልቷል።

ኤሲ ጠጋኙ፦
አትስሚው። ዋስትና የለውም፤ የኤሌክትሮኒክስ ካርዱ ሲቃጠል ለኔ ነው የሚመጣው። ይልቅ አዲስ ስታስገቢ ቱቦው እንዲያጥር የውጪውን ማሽን ልክ ከግድግዳው ጀርባ አስቀምጪ። የመዳብ ቱቦውም ከውጭ ነው የሚመጣው፤ በሜትር ነው የምንሸጠው። የተቃጠለውን ግን ከመጣልሽ በፊት አሳዪኝ፣ ሞተሩን የምታስነሳው ትንሿ ዕቃ፣ ካፓሲተር ብቻ ልትሆን ትችላለች።

መድኃኒት ቤቷ፦
ደረሰኝ የሌለው ዕቃማ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ምን ልለው ነው? ትራንዚተሩ፣ ስሌትህን ወረቀት ላይ ገልብጬዋለሁ፤ ነገ ሻጩ ፊት ነው የምዘረጋው። ጠጋኙ፣ ጠዋት ና። አሁን ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፣ ቴርሞሜትሩ ገና 31 ላይ ነው።