ሚንት «ያልተረጋገጠ» ፍላትፓክን መደበቁ ያድነናል ወይስ ያስጠቃናል?

ከሜሪላንድ፦
ሰላም ጎበዝ፣ ዛሬ እስቲ በዚህ እንከራከር። ዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 2025 ላይ ድጋፉ ካበቃ ወዲህ 11ን የማይችል አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ብዙ ሰው ወደ ሊኑክስ ሚንት፣ ዊንዶውስን የሚተካ ነፃ ሲስተም፣ እየዞረ ነው፣ ውጭ ያለን ሰዎችም አገር ቤት ላሉ ወላጆቻችን ብዙ ጊዜ የምናስጭነው እሱን ነው። ወላጅ ደግሞ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፣ ዩቲዩብና ዙም። ሚንት ከ22 ጀምሮ፣ ጁላይ 2024 የወጣው ማለቴ ነው፣ ሶፍትዌር ማናጀሩ ላይ «ያልተረጋገጠ» ፍላትፓክ በሙሉ ይደብቃል፣ ፍላትፓክ ማለት በየትኛውም ሊኑክስ ላይ የሚጫን የአፕ ጥቅል ነው። ዙም ፍላትሃብ የሚባለው የፍላትፓክ ስቶር ላይ አለ፣ ግን እዛ ያስገቡት በጎ ፈቃደኞች እንጂ ካምፓኒው ስላልሆነ አይታይም፣ ሴቲንግ ገብተህ «አይመከርም» የምትለዋን ሳጥን ካልነካህ በቀር። የኔ አቋም፣ ይሄ ደህንነት አይደለም፣ ሰዉን ከበር መልሶ በመስኮት እንዲገባ ማድረግ ነው። የፈለገውን ያጣ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም እኮ፣ ጎግል አድርጎ ሱዶ ምናምን የሚል፣ ለትእዛዙ ሙሉ ስልጣን የሚሰጥ መስመር ኮፒ ፔስት ያደርጋል። ምን ትላላችሁ?

ሰርቨር_ጠባቂ፦
አልስማማም ወንድሜ፣ ሚንት ልክ ነው። ፌብሩዋሪ 2024 የሆነውን ረሳችሁት እንዴ? ስናፕ ስቶር፣ ኡቡንቱ የሚባለው ሌላ ሊኑክስ የአፕ ስቶር፣ ላይ ኤክሶደስ የሚባለውን የክሪፕቶ ዋሌት ስም የያዘ ሀሰተኛ አፕ ወጣ፣ አንድ ሰው እውነተኛው መስሎት ጭኖ የዋሌቱን ምስጢር ቃላት አስገባ፣ ከ9 ቢትኮይን በላይ ሄደበት፣ በጊዜው ዋጋ ወደ 490 ሺህ ዶላር። ያውም ከኡቡንቱ የራሱ ስቶር ነው የጫነው፣ ከመንገድ አይደለም። ሴፕቴምበር 2023 ላይም ተመሳሳይ ሀሰተኛ ዋሌቶች ተገኝተው ነበር። ስለዚህ «ይሄን ያወጣው ማነው» የሚለው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ማረጋገጥ ማለት ይሄው ነው፣ ገንቢው በራሱ ዌብሳይት ወይ ኮዱን በሚያስቀምጥበት በጊትሃብ አካውንቱ «አዎ የኔ ነው» ሲል።

አርች_ነኝ፦
ሃሃሃ ኤዩአር ላይ፣ የአርች ሊኑክስ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ፓኬጅ የሚያስገቡበት ቦታ፣ ሁሉም ነገር አለ፣ ፒኬጂቢልዱን፣ ፓኬጁ እንዴት እንደሚሰራ የተጻፈበትን ስክሪፕት፣ ታነባለህ ትጭናለህ በቃ። ማንበብ የማይፈልግ ሰው ሊኑክስ ምን ያደርግለታል

ሚንቷ፦
አንተ ሰውዬ የሰው ወላጆች ናቸው እኮ ፒኬጂቢልድ የሚያነቡት?? ለማንኛውም ጁላይ 2025 እናንተው ሰፈር ላይብረዎልፍ ፊክስ፣ ፋየርፎክስ ፓች ምናምን የሚል ስም ይዘው የገቡት ፓኬጆች ኬኦስ ራት የሚባል ኮምፒውተርህን ከሩቅ የሚቆጣጠር ማልዌር ነበረባቸው፣ 2 ቀን ገደማ ቆይተው ነው የተነሱት። 2018 ላይም ባለቤት ያጣ የአክሮባት ሪደር ፓኬጅ አንዱ ተረክቦ የራሱን ስክሪፕት ጨምሮበት ነበር። የጫነው ሁሉ አንብቦ ነው የጫነው እንዳትለኝ።

ወደ ዋናው ልመለስ። ሁለት የተለያየ አደጋ ነው እየተደባለቀ ያለው። አንዱ አፑ አስመሳይ ነው ወይ የሚለው ነው፣ ሌላው ሲጫን ኮምፒውተሩ ላይ ምን ስልጣን ያገኛል የሚለው። የኤክሶደሱ የመጀመሪያው ነው፣ አፑ ሳንድቦክስ ውስጥ፣ ከሌላው ሲስተም ተከልሎ፣ ነበር፣ የኡቡንቱ አፕ ሴንተርም «ሴፍ» ብሎ ነበር የሚያሳየው፣ ግን ሰውየው ቃላቱን በገዛ እጁ ሲሰጥ ሳንድቦክስ ምን ያድርግ። የዙም ግን ሁለተኛው ነው። እስቲ አወዳድሩት፣ ሚንት የሚደብቀው ፍላትፓክ የዙምን ፋይል የሚያወርደው ከዙም ከራሱ ነው፣ የፋይሉ ሻ256 ቁጥር፣ ፋይሉ ከተነካ የሚቀየር አሻራ፣ አብሮ ተጽፏል፣ አዘገጃጀቱን ማንም ገብቶ ማየት ይችላል፣ አዲስ ሲወጣም ከሌላው ጋር አብሮ ይታደሳል። ከዙም ዌብሳይት የምታወርደው ዴብ፣ የዴቢያን፣ የኡቡንቱና የሚንት መጫኛ ፋይል፣ ደግሞ ኦፊሴላዊ ነው እሺ፣ ግን ዴብ ሲጫን ውስጡ ያለው ስክሪፕት በሩት፣ በኮምፒውተሩ ሙሉ ስልጣን፣ ነው የሚሮጠው፣ ደሞ እንደ ክሮም ዴብ ሪፖውን፣ አፕዴት የሚመጣበትን የፓኬጅ ማከማቻ፣ አይጨምርልህም፣ ስለዚህ አፕዴት ማናጀሩ ዙም መኖሩንም አያውቅም። ሰው ካላወረደላቸው እማማ እዛው አሮጌው ቨርዥን ላይ ዓመት ይቀመጣሉ። የቱ ነው የሚያሰጋው? ሚንት እኮ የደበቀው የተሻለውን ነው!

ጋሽ_ዴቢያን፦
ልጆች፣ እኔ ዴቢያንን በሲዲ ከምንቀባበልበት ጊዜ ጀምሮ ስጠቀም የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ሁለቱም አያስፈልግም ነው የምለው። የምትጠቀሙት ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) ሪፖ ውስጥ ከሌለ አትጫኑት። በቃ። በሪፖው ላይ የሚያየው ሰው አለ፣ ፊርማ አለ፣ ጊዜም አለ። ጊዜ የምትለዋን አትናቋት። የኤክስዚን ነገር ታስታውሳላችሁ፣ ብዙ ሊኑክስ ውስጥ ያለችዋን የፋይል ማመቂያ፣ ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ በትዕግስት ሲያግዝ ቆይቶ የፕሮጀክቱን አመኔታ ካገኘ በኋላ 5.6.0 እና 5.6.1 ላይ ባክዶር፣ ድብቅ መግቢያ፣ አስገባ። ማርች 29፣ 2024 ነው ይፋ የወጣው፣ አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ገንቢ በኤስኤስኤች፣ ኮምፒውተር ውስጥ ከሩቅ በሚገባበት፣ ሎግኢኑ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ስለዘገየበት ገብቶ ሲቆፍር አገኘው። ዴቢያን ቴስቲንግና ሲድ፣ ገና የሚሞከሩት ቅርንጫፎች፣ ላይ ደርሶ ነበር፣ ተፈትኖ የወጣው ስቴብል ላይ ግን አልገባም። «አሮጌ ፓኬጅ» እያላችሁ የምትስቁብን እኮ እዚህ ጋ ነው ያዳነን።

አርች_ነኝ፦
ጋሼ በአክብሮት ነው ግን 2008ን ዘለሏት። ዴቢያን ራሱ ኦፕንኤስኤስኤል፣ የምስጠራ ቁልፍ የሚፈጥረው፣ ውስጥ ኮድ ቆርጦ ከ2006 ጀምሮ እዛ ሲስተም ላይ የተፈጠረ ቁልፍ ሁሉ ሊገመት የሚችል ሆኖ ነበር። ስቴብልም ገብቷል እሱ

ጋሽ_ዴቢያን፦
አልክድም፣ ሆኗል። ግን በታወቀ ጊዜ ማስተካከያው በሪፖው በኩል ለሁላችንም ደረሰ፣ ቁልፍ መቀየሩ የኛ ፋንታ ሆኖ። በፍላሽ የገባ ሶፍትዌር ችግር ቢገኝበት ማን መጥቶ ይነግርሃል?

ጀማሪው፦
ይቅርታ ግን ሁላችሁም ዋይፋይ ስር ተቀምጣችሁ ነው የምታወሩት። ፍላትፓክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጭን ራንታይሙ፣ አፑ እንዲሰራ የሚያስፈልገው ጥቅል፣ ብቻ በመቶዎች ሜጋባይት ነው፣ በሞባይል ዳታ ማን ነው የሚያወርደው? ግቢ ውስጥ አንዱ ዴቡን ያወርዳል ሌላው በፍላሽ ይወስዳል፣ ዳብል ክሊክ፣ ፓስዎርድ፣ ይሰራል። ሪፖ ውስጥ የሌለ አትጫኑ ማለትማ ለጋሼ ይቀላል፣ እኛ ክላስ በዙም ነው ሲባል ምን እንበል

ሰርቨር_ጠባቂ፦
እዚህች ጋ ነው የሚያመኝ። ከሪፖ ስትጭን አፕት፣ ፓኬጅ የሚጭነው ፕሮግራም፣ የሪፖውን ፊርማ ያያል፣ ስለዚህ መሀል ላይ ሰው ቢነካው ይጮሃል። ብቻውን በፍላሽ የመጣ ዴብ ግን ማንም ፊርማውን አያይልህም፣ ፓስዎርድህን ሰጠህ ማለት ኮምፒውተሩን ሰጠህ ማለት ነው። ተረት እንዳይመስላችሁ፣ ካስፐርስኪ ሴፕቴምበር 2023 ያወጣውን አንብቡ፣ የፍሪ ዳውንሎድ ማናጀር ዌብሳይት ራሱ ከ2020 እስከ 2022 አንዳንድ ጎብኚዎችን ወደ ሌላ አድራሻ ወስዶ የተበከለ ዴብ ያስወርዳቸው ነበር። አፑ በደንብ ይሰራል፣ ማውረዱን ያወርዳል! ግን ሲጫን የሚሮጠው ስክሪፕት ክሮን፣ በየጊዜው ፕሮግራም የሚያስነሳው፣ ላይ ባክዶር ያስቀምጣል፣ ከዛ ሴቭ የተደረገ ፓስዎርድ፣ የዋሌት ፋይል፣ የክላውድ ቁልፍ ለቅሞ ይልካል። ሁሉም ሰው ላይ ስላልሆነ ደግሞ ዓመታት ሙሉ ነቅቶ የጮኸ አልነበረም። አንዱ የግቢ ልጅ ያንን ዴብ አውርዶ በፍላሽ ቢያዞረው አስቡት።

ሚንቷ፦
ጀማሪው ግን ያነሳኸው ልክ ነው፣ ዳታ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሁለት ነገር ልንገርህ። ዴቡን በፍላሽ ካመጣኸው ሻ256ሰም የምትለዋን ትእዛዝ አስኪደህ ቁጥሩን ሌላ ቦታ ካለው ጋር አስተያይ፣ ቁጥሩ እዛው ፍላሽ ላይ በቴክስት ፋይል የተጻፈ ከሆነ ግን ዋጋ የለውም፣ ዴቡን የቀየረ ሰው እሱንም ይቀይረዋል። ሁለተኛው ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ፍላትፓክ ክሪኤት ዩኤስቢ የሚል የራሱ ትእዛዝ አለው፣ አንዱ አንዴ ያወርድና አፑን ከነራንታይሙ ፍላሽ ላይ ያደርገዋል፣ ሌላው ከፍላሹ ሲጭን የፍላትሃብ ፊርማ ይታያል። ለግቢማ እሱ ነው የሚሆነው።

ከሜሪላንድ፦
በቃ ይሄ ሁሉ እኔን ነው የሚደግፈው እኮ። አትደብቀው፣ አሳየው፣ ከጎኑ በቀይ «ያዘጋጀው ካምፓኒው አይደለም» ብለህ ጻፍበት፣ ምን ፋይል እንደሚያይም ዘርዝር። ሰው ይወስናል።

ሰርቨር_ጠባቂ፦
ሰው አያነብም ወንድሜ። ኖቬምበር 2021 ሊኑስ ሴባስቲያን፣ የቴክ ዩቲዩበሩ፣ ፖፕ ኦኤስ በሚባል ሊኑክስ ላይ ስቲምን፣ የጌም ስቶሩን፣ ሊጭን ብሎ ተርሚናሉ «ይሄን ካደረግክ ዋና ዋና ፓኬጆች ይጠፋሉ» እያለው «አዎ ያልኩህን አድርግ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ሙሉዋን በእጁ ጽፎ ዴስክቶፑን በሙሉ አጠፋው። ቴክ ስራው የሆነ ሰው! አንቺ ደግሞ ሚንቷ ሳንድቦክሱን አታጋኚው፣ ሲናሞን፣ የሚንት ዴስክቶፕ፣ በነባሪ ኤክስ11፣ መስኮቶችን የሚያሳየው አሮጌ ሲስተም፣ ላይ ነው የሚሰራው፣ ኤክስ11 ላይ ደግሞ አንዱ አፕ ሌላው ላይ የምትጽፊውን ማንበብ ይችላል። ሆም ፎልደርሽን ሙሉውን የሚጠይቅ ፍላትፓክም ሞልቷል።

ሚንቷ፦
ኤክስ11 ላይ ተስማማን፣ ፈቃዱንም ፍላትሲል የሚባለውን የፈቃድ ማስተካከያ አፕ ከፍቶ መቀነስ ይቻላል እንጂ ወላጆቻችን አይከፍቱትም። ግን ያንተ መልስ አሁንም አንድ ነገር አልነካም። ዋሌት፣ ባንክ፣ ፓስዎርድ የሚነካ አፕ ካልተረጋገጠ ይደበቅ፣ እጄን አወጣለሁ። ዙምን ደብቀህ ግን በሩት የሚሮጥ ዴብ በአንድ ዳብል ክሊክ እንዲጫን ክፍት ከተውከው ምኑን ዘጋኸው? መዝጋት ከሆነ እሱንም ዝጋው፣ ካልሆነ ሁለቱንም በእኩል አስጠንቅቅ። ኡቡንቱ 24.04 ሲወጣ አፕ ሴንተሩ ዴብ በዳብል ክሊክ አልጭን ብሎ ስንት ሰው ጮኸ፣ ያኔ አንተም ጮኸሃል መሰለኝ ሃሃ

ሰርቨር_ጠባቂ፦
ጮኼ ሊሆን ይችላል። የድርጅት ማሽን ላይ ግን ዴቡንም እዘጋለሁ፣ የሱዶ ፓስዎርድ ለማንም አልሰጥም። ለቤት ኮምፒውተር ይሄን ማን ያደርጋል ብትዪኝ መልስ የለኝም፣ እዛ ላይ የሚንት መደበቅ ከምንም ይሻላል እላለሁ።

ጀማሪው፦
እሺ ነገ ጠዋት ክላስ አለኝ፣ በአጭሩ ንገሩኝ፣ ሳጥኗን ልንካት ወይስ ዴቡን?

ከሜሪላንድ፦
ሳጥኗን

ሰርቨር_ጠባቂ፦
ዴቡን፣ ግን ከዙም ራስህ አውርደው፣ በፍላሽ የመጣውን አትንካ

ጋሽ_ዴቢያን፦
ዙም እኮ በብራውዘር ይሰራል ልጄ። ሊንኩን ክፈትና «ከብራውዘር ተቀላቀል» የምትለዋን ተጫን፣ ምንም አትጭንም።

ጀማሪው፦
ኧረ ጋሼ!! በክሮም ነው? ክሮምም ፍላትሃብ ላይ ያልተረጋገጠ ነው እኮ የሚለው

ጋሽ_ዴቢያን፦
ፋየርፎክስ ከሚንት ጋር አብሮ መጥቶልሃል።