የካርቦን ፋይበር ሻፍት፦ የ500 ዶላሩ ከ200 ዶላሩ ምን ያህል ይሻላል?

ጠያቂ (ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ)

ሰላም ቤተሰብ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ማታ ማታ ከሥራ መልስ ፑል፣ ስምንት ኳስ የሚባለውን፣ እጫወታለሁ። ገና ውድድር ላይ አልደረስኩም፣ ግን በቁም ነገር ነው የያዝኩት። ለሁለት የሚፈታ የራሴ ስቴካ፣ ኳስ መምቻ ዱላ፣ አለኝ፣ የሜፕል እንጨት ነው። የኋላው እጀታ ምንም አልሆነም። የፊተኛው ክፍል፣ ሻፍቱ ማለቴ ነው፣ ክረምቱ ሲወጣ ጎብጦ ተገኘ። ለብቻው ጠረጴዛ ላይ ሳንከባልለው ጫፉ ከፍ ዝቅ ይላል። ረጅም ኳስ ላይ ነጯ፣ በስቴካ የምትመታዋ ኳስ፣ ወዴት እንደምትሄድ መተማመን አቅቶኛል።

አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ለገና ይመጣል። የካርቦን ሻፍት ላምጣልህ ብሎኛል። ያጠራቀምኩት 250 ዶላር ገደማ ቢሆን ነው። ዋጋ ሳይ ግን ግራ ገባኝ። የፕሬዴተር ሬቮ ከ500 ዶላር በላይ ነው። የኩቴክ ሲነርጂ ከሱ ትንሽ ዝቅ ይላል። ራይኖ የሚባለው 200 አካባቢ ነው። የቻይናዎቹ ደግሞ ከ100 ጥቂት ከፍ ብለው ይገኛሉ። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ካርቦን። የዋጋው ልዩነት ጨዋታ ላይ ይታያል? ወይስ ጨምሬ እስካጠራቅም ልጠብቅ?

ከረንቦላ ወዳጅ (ጅማ፣ መርካቶ)

ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ነው የሚገዛው። መጀመሪያ ካርቦን ምን እንደሚሰጥህ እንይ፤ ዋጋው የሚገባህ ከዚያ በኋላ ነው።

ነጯን ከመሃሏ ወደ ግራ ብትመታት ባነጣጠርክበት መስመር አትሄድም። ትንሽ ወደ ቀኝ ትሸሻለች። ምን ያህል እንደምትሸሽ በዋናነት የሚወስነው የሻፍቱ ጫፍ ክብደት ነው። ኳሷን ከሚነካው ከጫፉ ቆዳ ጀምሮ አንድ ስንዝር ያህል ያለው ክፍል ከባድ ከሆነ ኳሷን ይገፋታል። ቀላል ከሆነ ሻፍቱ ራሱ ገለል ይልላታል። ካርቦን ውስጡ ክፍት ቱቦ ሆኖ ጥንካሬውን ስለማያጣ ጫፉን ቀላል ማድረግ ይቻላል። ዋናው ሚስጥር ይሄ ነው።

ስለዚህ ጎን እየመታህ ረጅም ኳስ ስትጫወት የምታስተካክለው ማነጣጠር ይቀንሳል። በመሃል ብቻ የምትመታ ከሆነ ግን ይህ ጥቅም ለአንተ ብዙም አይታይም። "ካርቦን ኳስ ያሽከረክራል" የሚሉህን አትስማ። ሽክርክሪት የሚመጣው ከመሃል ምን ያህል ርቀህ እንደመታህ፣ ከምትዎ ፍጥነትና ከቾክ ነው። ሻፍቱ እጅህን አይተካም።

ሁለተኛው ጥቅም ለእኛ ለጅማ ልጆች ይበልጣል ባይ ነኝ። ካርቦን እርጥበት አይጠጣም። አይጎብጥም። ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ እንደ እንጨት አይሰረጎድም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድበት ከተማ ውስጥ ነው ያለነው። ስቴካ ግድግዳ ላይ ተደግፎ የሚከርምበት ቤት ሞልቷል። እዚህ እንጨት ቀጥ ብሎ እንዲቆይ ከፈለግክ እንደ ሕፃን መንከባከብ ነው።

ወደ ዋጋው ስመጣ፣ ከጎበጠው ሻፍትህ ወደ ማንኛውም ቀጥ ያለ ጥሩ ሻፍት ስትሄድ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከ200ው ወደ 500ው ስትሄድ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። የውዱ ብልጫ አሠራሩ ላይ ነው። ክብደቱ ከአንዱ ሻፍት ወደ ሌላው አይለዋወጥም፣ መጋጠሚያው ልክክ ብሎ ይገጥማል፣ ድምፁም የታፈነ ነው፣ ዋስትናም አለው። ርካሹ ላይ እነዚህ አንዳንዴ ይሟላሉ፣ አንዳንዴ ይጎድላሉ። እኔ ብሆን በ250 ዶላር ራይኖውን ገዝቼ የተረፈውን ለቆዳና ለጓንት አውለው ነበር።

የቶርኖ ቤት ሰው (ጅማ፣ አጂፕ)

ስለ ዋጋ ከማውራታችሁ በፊት አንድ ነገር ይጣራ። ልጄ፣ ሻፍቱ የሚገጥምበት የእጀታህ ብሎን ምን ዓይነት ነው? ይሄን ሳታውቅ ካዘዝክ 500 ዶላርም 100 ዶላርም ያው ነው፤ አይገጥምም።

የስቴካ ብሎን አንድ ዓይነት አይደለም። በብዛት የሚታዩት እነዚህ ናቸው፦ ውፍረቱ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ሆኖ በአንድ ኢንች ርዝመት 10 ጥርስ ያለው፣ አምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች ሆኖ 14 ወይም 18 ጥርስ ያለው፣ ራዲያል የሚባለው፣ እና ዩኒ-ሎክ የተባለው ቶሎ የሚቆለፈው። ሦስት ስምንተኛው ውፍረቱ 9.5 ሚሊ ሜትር ነው። አምስት አሥራ ስድስተኛው 7.9 ነው። በካሊፐር ለካው። ከዚያ በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ25.4 ሚሊ ሜትር ውስጥ፣ ስንት ጥርስ እንዳለ ቁጠር። ብሎኑ አጭር ከሆነ ግማሹን ለካና በሁለት አባዛ።

ራዲያልን ተጠንቀቅ። ውፍረቱ ከሦስት ስምንተኛው ጋር ስለሚመሳሰል ዓይን ያታልላል። ጥርሱ ግን 8 ነው፣ ሸለቆውም ክብ ነው። በግድ ካሽከረከርከው የሻፍቱን ውስጥ ትበላዋለህ።

ሌላው የመጋጠሚያው ውፍረት ነው። ብዙዎቹ 21 ሚሊ ሜትር ከጥቂት ናቸው፣ ግን እኩል ካልሆኑ እጅህ ላይ ደረጃ ይሰማሃል። እንጨት ቢሆን በቶርኖ ላይ ትንሽ ትልጠዋለህ። ካርቦን ግን በምንም ምክንያት አይላጥ፣ በብርጭቆ ወረቀትም አይፈተግ። ጥንካሬው የላይኛው ጭረት ውስጥ ነው ያለው፣ ብናኙም ለሳንባ መጥፎ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣልኝ አልቀበልም።

ጠያቂ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጎረቤቴ ካሊፐር አለው፣ አብረን ለካነው። ውፍረቱ 7.9፣ ጥርሱ 18 ሆኖ ተገኘ። የመጋጠሚያው ውፍረት 21.3 ነው። እጀታው ፕሌየርስ የሚባለው ድርጅት ሥራ ነው።

የቶርኖ ቤት ሰው (ጅማ፣ አጂፕ)

ጎበዝ። እንግዲህ አምስት አሥራ ስድስተኛ በ18 ነው፣ ፕሌየርስ የሚጠቀሙበትም እሱን ነው። ለአክስትህ ልጅ ይሄን በጽሑፍ ላክለት፣ በስልክ ብቻ አትንገረው። ብሎኑንም ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጠህ ፎቶ አንሳው።

ሜፕል ይበልጥብኛል (ጅማ፣ ሄርማታ)

እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ካርቦን መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ግን በዚህ ገንዘብ ጥሩ የእንጨት ሻፍትም ይገኛል። ውስጡ ተቦርቡሮ ጫፉ የቀለለ፣ ከተጣበቁ የሜፕል ቁራጮች የተሠራ ማለቴ ነው። ኳሷ እንዳትሸሽ በማድረግ በኩል ከካርቦን ብዙ አይርቅም። ቁራጮቹ የተጣበቁት የእንጨቱ መስመር እየተፈራረቀ ስለሆነ እንደ አንድ ወጥ እንጨት ቶሎ አይጎብጥም። ፕሬዴተር ራሱ ከሬቮ በፊት ስም ያገኘው በዚህ ዓይነት ሻፍት ነው፤ ሬቮን ያወጣው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው።

ለእኔ ትልቁ ነገር ስሜቱ ነው። እንጨት ምቱን ወደ እጅህ ያመጣዋል። ቀስ ብለህ ስትነካት ምን ያህል እንደነካሃት ታውቃለህ። ካርቦን ላይ ድምፁ ጠንከር ይላል፣ መልሱም ፈጣን ነው፣ ስለዚህ ለስላሳ ኳስ ላይ ነጯ ከፈለግከው በላይ ልትሮጥ ትችላለች። ፊሊፒናዊው ኤፍረን ሬየስ በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ዘጠኝ ኳስ ሻምፒዮን የሆነው በእንጨት ዘመን ነው። ሼን ቫን ቦኒንግ ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. ያንኑ ዋንጫ ሲወስድ የኩቴክን ካርቦን ይዞ ነበር። ሁለቱም ያሸንፋሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ከተቻለ ሁለቱንም እጅህ ላይ ሞክር።

ከረንቦላ ወዳጅ (ጅማ፣ መርካቶ)

በስሜቱ እስማማለሁ፣ ትክክል ብለሃል። በጅማ እርጥበት ላይ ግን አልስማማም። የተጣበቀ እንጨትም ቢሆን እንክብካቤ ይፈልጋል። ማታ ከፑል ቤት ወጥቶ በዝናብ የሚመለስ ልጅ ነው የጠየቀን። ሳጥን ውስጥ ካላስቀመጠው በየክረምቱ ያው ጭንቀት ነው።

ዩኒቨርሲቲ ግቢ (ጅማ)

እኔ ከቻይናዎቹ አንዱን ነው የምጠቀመው፣ ስለዚህ ከተግባር ልንገርህ። ቀጥ ያለ ነው፣ እስካሁን አልጎበጠም። ችግሩ ሁለት ነው። አብሮ የመጣው ቆዳ በጣም ደካማ ነበር። ቶሎ ተጠፍጥፎ ጎን ጎኑ ወጣ። በተነባበረ ቆዳ ካስቀየርኩት በኋላ ሌላ ስቴካ የያዝኩ ያህል ተሻለኝ። ሁለተኛው ሚዛኑ ነው። የኔ ከድሮው የእንጨት ሻፍቴ ቀለል ስለሚል የስቴካው ክብደት ወደ ኋላ ሄደብኝ። ሻፍት በአብዛኛው ከ100 እስከ 120 ግራም ነው፣ አሥር ግራም ልዩነት እንኳ እጅ ላይ ይታወቃል። ከመግዛትህ በፊት የድሮውን በወርቅ ቤት ሚዛን ወይም በማእድ ቤት ሚዛን አስመዝነው፣ ለሱ የቀረበ ምረጥ።

ስለ ውፍረቱም አስብበት። ሬቮ 11.8፣ 12.4 እና 12.9 ሚሊ ሜትር አለው። ሲነርጂ 12.5 እና ከዚያ ቀጠን ያሉ አሉት። ቀጭኑ ጎን ለመምታት ያመቻል፣ ግን ስህተትን ይቅር አይልም። እኔ ለጀማሪና ለመካከለኛ 12.4 አካባቢ እመክራለሁ። እጅህ ትንሽ ከሆነ እንደኔ፣ ቀጭኑ ጣቶችህ መሃል ደህና ይቀመጣል።

ሌላው፣ ካርቦን ላብና ቾክ ሲይዝ ይጣበቃል። የሕክምና አልኮል በንጹሕ ጨርቅ ነክሬ እጠርገዋለሁ፣ ያኔ እንደገና ይንሸራተታል። ለእንጨት ይሄን አታድርግ፣ አልኮልና እንጨት አይስማሙም።

ጠያቂ

እህቴ፣ በጣም ጠቅመሽኛል። የድሮው ሻፍት 115 ግራም ሆነ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ መክፈቻውንም፣ ጨዋታው የሚጀመርበትን ኃይለኛ ምት፣ በዚሁ ሻፍት ልምታ? ደግሞ ስንት ጊዜ ይፈጃል ለመልመድ?

ከረንቦላ ወዳጅ (ጅማ፣ መርካቶ)

መክፈቻውን የፑል ቤቱን ስቴካ ይዘህ ምታ። ካርቦኑ አይሰበርም፣ ግን ቆዳው በኃይለኛ ምት ይደድርና ይጠፈጠፋል፤ ለስላሳ ጨዋታህን ያበላሽብሃል። ለመልመድ ግን ትዕግሥት ይኑርህ። እስካሁን እጅህ ለጎበጠውና ለከባዱ ሻፍት ማካካሻ ለምዷል። አዲሱ ላይ ያንን ማካካሻ ስትደግመው ኳሱን በሌላኛው ወገን ትስተዋለህ። ሻፍቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። አንድ ቀላል ረጅም ኳስ ደርድርና መጀመሪያ በመሃል፣ ከዚያ ግማሽ ቆዳ ያህል ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እየመታህ ነጯ የምትሸሸውን አጥና። ጠረጴዛው የተስተካከለ መሆኑንም አረጋግጥ። ኳስ ቀስ ብለህ ስትለቃት ወደ አንድ ጎን የምታደላ ከሆነ እዚያ ላይ ምንም ሻፍት አትመዝን።

ዳያስፖራ (ሚኒያፖሊስ)

ለአክስትህ ልጅ የሚሆን ልጨምር። ሬቮ በ120 ዶላር የሚል ማስታወቂያ ካየ ይለፈው፣ አስመሳዩ ብዙ ነው። ከታወቀ የቢሊያርድ ዕቃ ሻጭ ይግዛ፣ መመለስ የሚቻልበትን ቀንም ይጠይቅ። ዕቃው ሲደርሰው እዚያው ይፈትሸው። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ያንከባልለው፣ ጫፉ መዝለል የለበትም። ወደ ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ ለመመለስ አድካሚ ነው።

አውሮፕላን ላይ የቢሊያርድ ስቴካ በእጅ ሻንጣ አይፈቀድም። ሻፍቱን ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ከቶ በሚጫነው ሻንጣ መሃል፣ በልብስ ተከቦ ያስቀምጠው። የግዢ ደረሰኙን ይያዝ፣ ቦሌ ላይ ዋጋው ቢጠየቅ ያግዘዋል። ደግሞ የተነባበረ ቆዳ ሁለት፣ የመጋጠሚያውን ቀዳዳ የሚዘጋ ክዳን አንድ አብሮ ያምጣ። እነዚህ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይወስዱም። አገር ቤት ግን ደህና ቆዳ እንደልብ አይገኝም።

የቶርኖ ቤት ሰው (ጅማ፣ አጂፕ)

ቆዳውን መቀየር ሲያስፈልግ ወደ እኔ አምጣው። ካርቦኑን በወረቀት ፕላስተር ጠቅልዬ፣ የድሮውን በምላጭ አንስቼ፣ አዲሱን በወፍራም ሱፐር ግሉ እለጥፈዋለሁ። ቀድሞ ስልክ ደውል፣ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ይቀለኛል።

ጠያቂ

እሺ ጋሼ፣ እመጣለሁ። ራይኖውን፣ በ12.4 አካባቢ ውፍረት፣ አምስት አሥራ ስድስተኛ በ18፣ ለ115 ግራም የቀረበውን እንዲያመጣልኝ አሁን ጻፍኩለት። ሁለቱን ቆዳና ክዳኑንም ጨምሬበታለሁ።