«ያልቻለ ቤቱ ይስማ» ተብሎ ዝም አይባልም

ሰላም ዘገርጂ፦
ትናንት የአዲስ ዓመት ዋዜማው ኮንሰርት ፖስተር እዚህ ሲለጠፍ አንዲት ልጅ «መደበኛው ትኬት 1,500 ብር በዛ» ብላ ጻፈች። ሌላ ምንም አላለችም። አዘጋጁ «የመድረክ ሰው» የመለሰላት ይኸውና፦ «ሙዚቃ ግዴታ አይደለም፤ ያልቻለ ቤቱ ይስማ።» ልጅቷ ጽሑፏን አጥፍታ ወጣች። እኔ ግን አልወጣም። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ተጨምሮ እንኳ 6,000 ብር ነው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ የወር ደመወዟን ሩብ ከፍላ ከአጥሩ ኋላ ትቆማለች። ሲያልቅ ታክሲ የለም፣ ራይድ ነው፤ እሱም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ቪአይፒው 6,000 ነው፤ ያው ሙሉ ደመወዟ ማለት ነው። ለዚህች ሴት «ቤትሽ ስሚ» የሚል ሰው ሙዚቃው የማን እንደሆነ ይንገረኝ።

የመድረክ ሰው፦
ያልኩትን አላጥፈውም። ሰው አልሰደብኩም፣ እውነቱን ነው የተናገርኩት። ስምንት ሰዓት የሚቆም ዝግጅት ምን እንደሚበላ ታውቂያለሽ? ዘፋኙ ቀብዱን ከወራት በፊት ወስዷል። ባንዱ ለልምምድ ይከፈለዋል። ስክሪኑ በካሬ ሜትር ነው የሚከራየው። ጄነሬተር ሁለት ነው፣ አንዱ መጠባበቂያ፤ ናፍጣው ለብቻ። አዳራሽ፣ ጥበቃ፣ አምቡላንስ፣ የፈቃድ ሩጫ። ከሁሉም በላይ ቫት 15 በመቶ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ማይኩም፣ ኬብሉም፣ የስክሪኑ መለዋወጫም የሚመጣው በዶላር ነው። 1,500 ብር ስንል ከሰው ኪስ ለመንጠቅ አይደለም።

ናቲ 22፦
ልክ ብለሃል ወንድሜ። ለጫማ 8,000 ብር ሲከፍል ትንፍሽ የማይል ሰው ለአርቲስት 1,500 ሲባል ይጮኻል። አርቲስቱ ምን ይብላ? ካሴት የሚሸጥበት ዘመን አልፏል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጁ ከ1996 ጀምሮ አለ፤ ግን ዘፈን ወጥቶ በማግስቱ በየስልኩ ነው። ከመድረክ ውጪ የቀረለት እንጀራ የለም።

ሰላም ዘገርጂ፦
ናቲ፣ ስለ ጫማ የሚያወራ የለም። 8,000 ብር ጫማ የሚገዛውማ ትኬቱንም ይገዛል። እኔ የማወራው ስለማይገዛው ነው። የመድረክ ሰው፣ ወጪህን አልካድኩም። ወጪ በዛ ብሎ ማስረዳት ሌላ፣ «ቤቱ ይስማ» ብሎ ማባረር ሌላ። ለዚያች ልጅ ይህን ዝርዝር ብትጽፍላት ኖሮ ዛሬ አንከራከርም ነበር።

የድሮ አራት ኪሎ፦
ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልበል። መሐሙድ አህመድ ልጅ ሆኖ ጫማ ይጠርግ ነበር። በኋላ አሪዞና ክለብ የጉልበት ሥራ ያዘ። የክቡር ዘበኛ ባንድ ልጆች እዚያ ሲጫወቱ አጠገባቸው ነበረና አንድ ምሽት ዘፋኝ ሲጎድል «እስቲ እኔ ልሞክር» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አገር ያውቀዋል። 2017 ጥር ላይ በሰማንያ ሦስት ዓመቱ ሚሊኒየም አዳራሽ መድረኩን ሲሰናበት ያለቀሰው ሕዝብ ያለቀሰው ለዚያ ሊስትሮ ነው። «ያልቻለ ቤቱ ይስማ» ቢባል ኖሮ ያ ልጅ የት ይሰማ ነበር? ቤቱ ሬዲዮ እንኳ ስለመኖሩ ማን ያውቃል።

የመድረክ ሰው፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የተናገሩት ለእኔ ነው የሚመሰክረው። መሐሙድ ትኬት ገዝቶ አልገባም። ሠራተኛ ሆኖ ነው የገባው። ዛሬም መድረክ የሚተክሉ፣ ኬብል የሚጎትቱ፣ ወንበር የሚደረድሩ ስንት ልጆች አሉ፤ ነገ አንዱ ዘፋኝ ይወጣዋል።

የድሮ አራት ኪሎ፦
የዛሬውን ልጅ ሳውንድ ቼክ እንዳለቀ በኋላ በር ታስወጡታላችሁ። እስቲ ውሸት ነው በለኝ።

ሚክሰሩ፦
ጋሼ እውነታቸውን ነው። አሥራ ስንት ዓመት ድምፅ ላይ ሠርቻለሁ፣ መድረክ ተካዩን ልጅ ባጅ ከልክለው ሲያስወጡት ዓይኔ አይቷል። ግን ሁላችሁም ዋናውን ሳታችሁት። አሪዞና ክለብ ነበር፤ አዳራሽ አልነበረም። ሰው አጠገብ ለአጠገብ የሚቆምበት ቤት። የእኛ ችግር የትልቁ ኮንሰርት ዋጋ ብቻ አይደለም፣ ትንሹ ቤት መጥፋቱ ነው። የጃዝ ቤቱን ጃዛምባን አስታውሱ፤ 2007 ጥር ላይ ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል አብሮ ነደደ። ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንድቃ ከቦታው ተነሣ። ፈንድቃ ቤት ቢራህን ይዘህ አዝማሪውን፣ ማሲንቆውን፣ እስክስታውን በሁለት ክንድ ርቀት ታይ ነበር። እንዲህ ያለው ቤት በየሰፈሩ ቢኖር በዓመት አንዴ ለሚመጣ ትልቅ ኮንሰርት ሰው እንዲህ አይጨነቅም፣ አዘጋጁም ያሻውን ዋጋ አይጠራም።

ናቲ 22፦
ፈንድቃ ሌላ፣ የአዲስ ዓመት ኮንሰርት ሌላ። አዝማሪ ቤት ሄዶ ኤልኢዲ ስክሪን የሚጠይቅ የለም።

ሚክሰሩ፦
ስክሪኑንስ ማን ጠየቀ? ሕዝቡ ዘፋኙን ነው የጠየቀው። የስክሪኑ ኪራይ ከባንዱ ክፍያ ሲበልጥ ማየት ለእኔ ለባለሙያው ያማል።

የመድረክ ሰው፦
ስክሪን ካልተተከለ ከኋላ ያለው ምን ያያል? ለኋለኛው ብለን ነው።

ሰላም ዘገርጂ፦
ከኋላ ያለው ማየት ያቃተው ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ ስለተደረደረ ነው! ባለፈው ዓመት የነበርኩበትን ልንገርህ፤ ስም አልጠራም። ከመድረኩ ሥር እስከ አዳራሹ አጋማሽ ድረስ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው ውስኪና በረዶ። ከዚያ የብረት አጥር። እኛ ከአጥሩ ወዲህ። ዘፋኙ አዝማቹን ሕዝቡ እንዲቀበለው ማይኩን ዘረጋ። ፊት ያሉት ግማሾቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ሴልፊ ይነሡ ነበር። ማይኩ ባዶ ቀረ። ድምፁ ከኋላ መጣ፣ ከእኛ፣ ቃል በቃል፣ አንድም ስንኝ ሳይጎድል። ዘፋኙ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ በጠረጴዛዎቹ ላይ አሻግሮ ሲፈልገን አይቻለሁ። «ቤቱ ይስማ» የተባለው ሰው ነው ያን ምሽት ያሞቀው።

ዱባይ ያለሁት፦
ሰላም እህቴ አስለቀስሽኝ። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ዕረፍቴ አርብ ብቻ ናት። እዚህ ለእንቁጣጣሽ ዘፋኝ ሲመጣ ከሁለት ወር በፊት ጀምሬ ነው የማስቀምጠው። ገንዘቡ ይቆጨኛል? አይቆጨኝም። ዓመቱን ሙሉ በአረብኛ ታዝዤ አንድ ማታ ሀበሻ ቀሚሴን ለብሼ ከሺህ ሰው ጋር በአማርኛ እዘፍናለሁ። ቤቴ መስማትማ በጆሮ ማዳመጫ በየቀኑ እሰማለሁ፣ ምግብ ስሠራ። አንድ አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው ኮንሰርት ማዘጋጀት የለበትም።

የመድረክ ሰው፦
እህቴ፣ ላንቺ የተናገርኩት አይደለም። አንቺማ ዋጋውን አውቀሽ ከፍለሽ የምትገቢ ነሽ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ የሚወድ ያስቀምጣል።

ዱባይ ያለሁት፦
በእኔ አታሳብ። እኔ የምከፍለው ሌላ መውጫ ስለሌለኝ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከዚህ ከሜሪላንድ። ዋጋውን ተዉት፣ ሰዓቱስ? 60 ዶላር ከፍለን፣ በር ላይ የገዛው ደግሞ 80 ከፍሎ፣ ዘፋኙ የሚወጣው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ዲጄ። በማግስቱ የሚሠራ ሰው ሦስት ዘፈን ሰምቶ ይወጣል። ለጁላይ 4ቱ የኢትዮጵያውያን የኳስ ፌስቲቫል ሳምንትማ አይወራ፤ ከ1984 በፈረንጅ ጀምሮ በየዓመቱ እንሰባሰባለን፣ ሆቴሉና አውሮፕላኑ ኪስ አራግፎ ሳያበቃ በየምሽቱ ሌላ ትኬት። እዚህ አገር ቢያንስ ጉዳዩ የሕዝብ ጉዳይ ሆኗል፤ በ2024 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ኮንሰርት አዘጋጁን ላይቭ ኔሽንንና ትኬት ሻጩን ቲኬትማስተርን ፍርድ ቤት አቁሟል። እኛ ስንጠይቅ ግን «ቤትህ ስማ» ነው መልሱ።

ናቲ 22፦
ዲያስፖራው ደግሞ 60 ዶላር ብሎ ያለቅሳል። ያ ለእናንተ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
የቤት ኪራዬን ታውቃለህ ናቲ? ለማታውቀው ኑሮ ዋጋ አታውጣ። ያነሣሁት ሰዓቱን ነው፤ ለሱ መልስ አለህ?

የባሕር ዳር ልጅ፦
እናንተ ስለ 1,500 እና ስለ 60 ዶላር ትጣላላችሁ። እኛ ጋ ጭራሽ አይመጣም። 2010 ጥር ላይ ቴዲ አፍሮ ባሕር ዳር መጥቶ ሲዘፍን ከጎንደርም ከደብረ ማርቆስም ሰው ጎርፎ ነበር፤ ከተማው ማደሪያ አጥቶ ሰው መኪና ውስጥ አደረ። ያን ምሽት የነበረ ሰው ዛሬም ያወራዋል። ክልል ላይ ያለ ሰው ኮንሰርት ማየት ከፈለገ ትራንስፖርት፣ አልቤርጎ፣ ምግብ፣ ከዚያ ነው ትኬት። አሁን ባለው ሁኔታ ደግሞ መንገዱ ራሱ አለ።

የመድረክ ሰው፦
ስለ ክልል ያልከው እውነት ነው፤ እኔም ብወጣ ደስታዬ ነው። ግን ፈቃዱ በመጨረሻ ሰዓት ቢነሣ ኪሳራውን ማን ይሸከማል? የቴዲ አፍሮ የአልበም ምረቃ 2009 ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሂልተን ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ፖሊስ ያስቆመውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በእሱ ስም የደረሰ በማንም ይደርሳል። ይህ ፍርሃት ትኬቱ ዋጋ ውስጥ አለ። ሌላው ደግሞ ስፖንሰር። ድሮ ቢራ ፋብሪካው መድረኩንም ማስታወቂያውንም ይሸፍንልን ነበር። 2011 ላይ አዋጅ 1112 ወጣና የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲወጣ ያ ገንዘብ ከእኛም ሸሸ። ጉድጓዱን የሞላው የተመልካቹ ኪስ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦
አዋጁን አትንካብኝ። ልጆቼ ዜና በመጣ ቁጥር የቢራ ዘፈን እየዘመሩ ነበር ያደጉት። ኮንሰርት እንዲረክስ ብዬ ያንን መልሼ አልፈልግም። ባንክ የለም? ቴሌ የለም? እነሱ ስፖንሰር ያድርጉ።

ሚክሰሩ፦
ባንክ ስፖንሰር ሲያደርግ በምላሹ የፊት ጠረጴዛዎቹን ለደንበኞቹ ይወስዳል። ሰላም ያየቻቸው ነጭ ጨርቆች ግማሹ ያ ነው። ዘፈኑን የማያውቅ ሰው በግብዣ ይቀመጣል፣ የሚያውቀው ከፍሎ ይቆማል።

ሰላም ዘገርጂ፦
በስንት መከራ ወጣ! ማለትም ፊት ያሉት ብዙዎቹ አልከፈሉም። ታዲያ «ያልቻለ» ማነው?

የመድረክ ሰው፦
ድርጅቱ ከፍሎላቸዋል። ያ ገንዘብ ነው መደበኛውን 1,500 ላይ ያቆየው፤ ያለዚያ 3,000 ነበር።

የድሮ አራት ኪሎ፦
ብሔራዊ ቴአትር ተማሪ ሆነን ስንገባ ፊት ወንበር ባለሥልጣን ይቀመጣል፣ ከኋላና ከላይ እኛ። ልዩነቱ ያኔም ነበር። ግን ከላይ ሆነህ ዘፋኙን ታየዋለህ፣ ያይሃል፣ ዋጋውም የተማሪ ዋጋ ነው። ወንበሩ ወለሉን አልያዘብንም። 1997 ጥር 29 ደግሞ መስቀል አደባባይ ለቦብ ማርሊ 60ኛ ልደት በነጻ ቆመናል፤ አገሩ ሁሉ ቆሟል።

ናቲ 22፦
ነጻ የሚባል የለም ጋሼ፣ የማርሊ ቤተሰብና አጋሮቹ ከፍለውት ነው።

የድሮ አራት ኪሎ፦
እኮ! የሚከፍል ሲፈለግ ይገኛል ማለት ነው።

ሚክሰሩ፦
የመድረክ ሰው፣ ወጪውን እኔም አውቃለሁ፣ አብረንህ ነው የምንሠራው። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ጠረጴዛው ወደ ጎንና ወደ ኋላ ከፍ ባለ መደብ ላይ ይውጣ፣ የመድረኩ ሥር ለቋሚ ይለቀቅ። ዋጋው ይህንኑ 1,500 ይሁን። ምን ይጎድልብሃል?

የመድረክ ሰው፦
ጠረጴዛው ፊት ካልሆነ አይሸጥም። ለአንድ ጠረጴዛ 60,000 ብር የሚከፍል ሰው ጎን አይቀመጥም። ሞክሬው አውቃለሁ።

ሰላም ዘገርጂ፦
ከፍ ካለ መደብ የተሻለ ያያል እኮ።

የመድረክ ሰው፦
ለማየት አይደለም የሚከፍለው።

ዱባይ ያለሁት፦
ይህንን ትናንት ብትጽፍ ኖሮ ልጅቷን ማን እንዳባረራት ይገባን ነበር።

ናቲ 22፦
እሱ ምን አጠፋ? ገበያው ነው። የማይወድ አይግዛ።

ሚክሰሩ፦
ናቲ፣ አንተን አልጠየቅሁም። የመድረክ ሰው፣ ለዋዜማው መድረኩ የሚተከለው ሐሙስ ነው። ከጠረጴዛው ቦታ አምስት ሜትር ብቻ ለቋሚ ልቀቅ፤ አጥሩን አምስት ሜትር ወደፊት። ትችላለህ ወይስ አትችልም?

የመድረክ ሰው፦
የመቀመጫው ካርታ ለስፖንሰሩ ተፈርሞ ሄዷል።

ሰላም ዘገርጂ፦
መልሱ «አልችልም» ከሆነ «አልችልም» በል፤ እኛን ግን ቤታችሁ ስሙ አትበለን።