ለኮንዶሚኒየም ቤት ጤናማ አየርና ትንሽ አረንጓዴ፦ ከምን ልጀምር?

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ትንሹ ልጄ ክረምት በገባ ቁጥር ያስለዋል። የልጆቹ መኝታ ቤት ግድግዳ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ጠቁሯል፣ ክፍሉ እርጥበት እርጥበት ይሸታል። ጓደኛዬ አየር የሚያጸዱ አበባዎች ግዢ አለችኝ። በረንዳዬ ጠባብ ናት፣ ከሰዓት በኋላ ግን ደህና ፀሐይ ታገኛለች። ውሃ በፈረቃ ነው። ብዙ ሳላወጣ ከምን ልጀምር? ቡና በየቀኑ እናፈላለን፣ በከሰል።

መልስ (ነርስ ነኝ)

እህቴ፣ አበባው ይቆይ። ዓይኔ ያረፈው የመጨረሻዋ ቃልሽ ላይ ነው። የት ነው የምታፈይው? መስኮት ዘግታችሁ ሳሎን ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። ብዙ ሰው ከሰሉን ውጭ ያቀጣጥልና ጭሱ ሲያልቅ፣ ፍሙ ሲቀላ ያስገባዋል። አሁንማ ጭስ የለውም ይላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከፍሙም ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ሲመጣ ሰው ጉንፋን መስሎት ይተኛል፤ አደጋው እዚያ ላይ ነው። ለሙቀት ብሎ ምድጃ መኝታ ቤት ማስገባትማ ጭራሽ አይታሰብም።

እጣንና ሰንደልም ጭስ ናቸው። የሚያስለው ልጅ ባለበት ክፍል አይጨስ። ሳሉን ደግሞ ሐኪም ይየው። ሲተነፍስ ሲር ሲር ካለው ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሳትውይ ሳታድሪ ውሰጂው።

መልስ (ቡና ወዳድ)

ቡና ያለ ከሰል ደግሞ ምን ቡና ነው? ሰውን ከባህሉ አታጣሉት እንጂ!

መልስ (ነርስ ነኝ)

ወንድሜ፣ ማን ቡና ተዉ አለ? በረንዳ ላይ ይፈላ፣ የሳሎኑ በር ይዘጋ፣ ጀበናው ብቻ ይግባ። እኛ ቤት በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው የምናፈላው። የሸክላ ጀበና በጋለ ምድጃ ላይ በቀዝቃዛው ከተጣደ ይሰነጠቃል፤ ከምድጃው ጋር ቀስ እያለ ይሙቅ። እናቴ መጀመሪያ ላይ አኩርፋ ነበር፣ አሁን እሷም በዚያው ታፈላለች።

መልስ (የፊኒሺንግ ሠራተኛ)

ስለ ግድግዳው እኔ ልንገርሽ። ሰው ጥቁር ሲያይ ቀለም ይቀባበታል፣ በዓመቱ ተመልሶ ይወጣል። ዋናው ጥያቄ ውሃው ከየት መጣ የሚለው ነው። ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ከግድግዳው ውስጥ ነው፦ የላይኛው ጎረቤት ሻወር ወይም የቧንቧ መስመር ያፈሳል፣ አለበለዚያ የውጭው ግድግዳ ተሰንጥቆ ዝናብ ያስገባል። ሌላው ከራሳችሁ አየር ነው። ሰው ይተነፍሳል፣ ድስት ይፈላል፣ ልብስ ቤት ውስጥ ይሰጣል። ያ እርጥበት ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ወደ ውሃነት ይለወጣል፤ ከቁምሳጥን ጀርባ ደግሞ የሚያደርቀው አየር የለም።

ለመለየት ገንዘብ አያስፈልግም። ቁምሳጥኑን ሳቢው። ግድግዳውን በጨርቅ ጥረጊና የደብተር ገጽ የሚያህል ንጹህ ላስቲክ ጠቁሮ ያለው ቦታ ላይ ለጥፊ። አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ድፈኝው፣ አየር እንዳይገባ። አንድ ሁለት ቀን ተይው። ጠብታው ከላስቲኩ በላይ፣ በክፍሉ በኩል ከሆነ ችግሩ የቤቱ አየር ነው። ከላስቲኩ ሥር፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ውሃው ከውስጥ እየመጣ ነው። ያኔ ወደ ላይኛው ጎረቤት ወይም ወደ ነዋሪዎች ኮሚቴ መሄድ ነው፤ ቀለም መግዛት አይደለም።

መልስ (የጓሮ ሰው)

ስለ አበባው ልጨምር። አበባ አየር ያጸዳል የሚለው ወሬ የተነሳው ናሳ (የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት) በ1989 እ.ኤ.አ. ካወጣው ጥናት ነው። ያ ሙከራ ግን የተደረገው በትንንሽ የታሸጉ ሳጥኖች ውስጥ ነበር። መስኮት በሚከፈትበት ቤት ሁለት ሦስት ማሰሮ አበባ አየሩ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም። ዓይን ደስ ይለዋል፣ ያም ቢሆን ጥሩ ነው። እኔ ግን ገንዘብሽን ለምግብ በሚሆን ተክል ላይ አውዪው እላለሁ።

ከሰዓት ፀሐይ ካለሽ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ይሆናል። በሶብላና የጥብስ ቅጠልም ፀሐይ ይወዳሉ። ጤና አዳም ውሃ ቢረሳም ይታገሳል፣ ለፈረቃ ቤት የተፈጠረ ነው። አፈር ብቻውን በዕቃ ውስጥ ድርቅ ይላል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅይ። ከታች መበሳት እንዳትረሺ፣ ሥሩ በውሃ ታፍኖ ይበሰብሳል።

ውሃውን በተመለከተ፣ ሩዝና አትክልት ያጠብሽበትን አትድፊው፣ ለተክሉ ነው። የልብስ እጣቢ ግን ለሚበላ ቅጠል አይሆንም፤ በረኪና ያለበት ደግሞ ለምንም። የቡና አተላ ከደረቅ ቅጠልና ከሰጋቱራ ጋር በተበሳ ባልዲ ውስጥ ብስባሽ ይወጣዋል። ሥጋና ዘይት አይግባበት፣ ዝንብ ይሰበስባል።

መልስ (ከድሬዳዋ)

ውሃ በፈረቃ ካልሽ ስለ በርሜሉ አንድ ነገር ልበል። እዚህ በ2013 እ.ኤ.አ. በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ነበረብን። ትንኟ የምትራባው ሰው ባጠራቀመው ንጹህ ውሃ ነው። እንቁላሏን ከውሃው ከፍ ብላ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፣ ስለዚህ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም። በሳምንት አንዴ ውስጡን በብሩሽ መፈግፈግ፣ ከዚያ በደንብ መክደን ነው። አዲስ አበባ ብርዱ ይጠብቃችኋል፣ ቆላ ያላችሁ ግን አትዘናጉ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ላስቲኩን ለጥፌ አየሁት፣ ጠብታው በክፍሉ በኩል ነው። ልብስ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው የምሰጣው። ጥቁሩን በምን ላንሳው? ሽንት ቤት የማጸዳበት አሲድ አለኝ። ለአትክልቱ ደግሞ ባዶ የቀለም ባልዲዎች አሉን፣ ይሆናሉ?

መልስ (የፊኒሺንግ ሠራተኛ)

አሲዱን ተይው! በተለይ ከበረኪና ጋር እንዳይገናኝ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በሳሙናና በውሃ ፈግፍጊው። ካልለቀቀ 1 የሻይ ብርጭቆ በረኪና በ4 ሊትር ውሃ። ጓንትና ማስክ አድርጊ፣ መስኮት ይከፈት፣ ልጆቹ ክፍሉ ውስጥ አይሁኑ። በደንብ ሳይደርቅ ቀለም እንዳይነካው።

ቁምሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቂው። ልብሱ በረንዳ ላይ ይሰጣ። ጠዋት ሁለቱን ትይዩ መስኮቶች ሩብ ሰዓት ያህል ወለል አድርገሽ ክፈቺ። ቀኑን ሙሉ ገርበብ ከማድረግ ይሻላል፣ ቤቱም እንደዚያ አይቀዘቅዝም።

መልስ (የጓሮ ሰው)

የቀለም ባልዲ ለአበባ ይሁን፣ ለሚበላ ግን አልመክርም። ውስጡ ምን እንደቀረ አይታወቅም። ባዶ የዘይት ጀሪካን በጎኑ አጋድመሽ ቅደጂው፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢው። ለሰላጣና ለቆስጣ ይበቃል፣ ሥራቸው ብዙም ጥልቅ አይሄድም። ለጎመን ግን ጀሪካኑ ይቁም፣ አንገቱን ቁረጪለት። የበረንዳው ብረት ላይ ካንጠለጠልሽ ደግሞ በሽቦ በደንብ እሰሪው፣ ከሥር ሰው ያልፋል።