የአደባባይና የጓዳ ወሬን በአኒሜሽን እንዴት ላሳይ?

ቀለም_ጠብ፦
ሰላም እናንተ፣ ለኮሙኒኬሽን ኮርስ ፐብሊክ ስፌርና ፕራይቬት ስፌርን (የአደባባዩንና የጓዳውን ዓለም) የሚያስረዳ የ2 ደቂቃ አኒሜሽን እየሰራሁ ነው ግን ግራ ገብቶኛል። እስካሁን ያደረኩት ስክሪኑን መሃል ላይ በግድግዳ ከፍዬ በግራ በኩል ቤቷ ቁጭ ብላ ስልክ የምታወራ ሴት፣ በቀኝ ማይክ ይዞ ህዝብ ፊት የሚናገር ሰውዬ፣ ግራው ቢጫ ቀኙ ሰማያዊ። ለጓደኛዬ ሳሳየው "እሺ፣ ከዛስ?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከዛ ምንም የለም፣ አንድ ስላይድ ይበቃው ነበር። ሴቷን ጓዳ ወንዱን አደባባይ ማድረጌ ደግሞ ይሄን ስጽፍ ነው የታየኝ 😅 እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ፍሬም24፦
ሰዎቹን ተዋቸውና ወሬውን አንቀሳቅሰው። አንዷ ለጓደኛዋ "ዛሬ ስራ መግባት አስጠልቶኛል" ብላ ትጽፋለች በለው፣ ጽሁፏ ያለበት አረፋ መሃል ላይ ይቀመጥ፣ ጓደኛዋ ስክሪንሾት ታነሳለች፣ ወደ አንድ ግሩፕ ይገባል፣ ከዛ ወደ ሌላ፣ አረፋው አንድ ፊደል እንኳን ሳይለወጥ ከጀርባው ያለው ሰው ብቻ እየበዛ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ አለቃዋም ያነበዋል። ያው ቃል ጓዳ ሲሆን እሮሮ ነበር፣ አደባባይ ሲወጣ ጥፋት ሆነ፣ ይሄንን ስላይድ አያሳይልህም። ድካምም ይቀንስልሃል፣ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሆኖ አንዱን ስዕል ለሁለት ፍሬም ብትይዘው እንኳን ለ2 ደቂቃ 1440 ስዕል ነው፣ አረፋው ካልተነቃነቀ ግን አብዛኛውን ትገላገላለህ።

የጥናት_ልጅ፦
ሀሳቡ ደስ ይላል ግን ቲዎሪው እንዳይደባለቅብህ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሀበርማስ እ.ኤ.አ. በ1962 ያነሳው ፐብሊክ ስፌር ህዝብ መሃል መናገር ብቻ አይደለም፣ ሰዎች ከየቤታቸው ወጥተው ስለጋራ ጉዳይ ተከራክረው የህዝብ አስተያየት የሚፈጥሩበት ነው። ስለዚህ ያንተ ሰውዬ ማይክ ይዞ ሌላው ዝም ብሎ ከሰማው ጎደሎ ነው፣ አንድ ሁለት ሰው ተነስቶ ይመልስለት። የፍሬም24 አረፋ ደግሞ ወደ ሶሲዮሎጂስቱ ጎፍማን ያደላል፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጻፈው፣ ሰው መድረክ ፊትና ከመጋረጃ ጀርባ የሚለያየው ነገር፣ እሱ ሌላ ነው! ስለሴቷ ያልከውን ደግሞ እንዳታልፈው፣ አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ናንሲ ፍሬዘር እ.ኤ.አ. በ1990 ሀበርማስን ስትተች አንዱ ነጥቧ እሱ ነበር፣ ሴቶች ከአደባባዩ መገለላቸው ሳያንስ ቤት ውስጥ መደብደብ ራሱ "የግል ጉዳይ" እየተባለ ለውይይት እንዳይቀርብ ተደርጎ ነበር። እና ድንበሩ የት እንደሆነ የሚወስነው ማነው የሚለውን አሳይ፣ ለምሳሌ መስመሩን የሚያሰምር እጅ ይታይ፣ ሌላ እጅ መጥቶ ያጥፋው።

ድምጽ_ብቻ፦
ማንም ድምጽ አላነሳም እኮ። የአረፋውን ጽሁፍ አንድ ሰው አንብቦት ቅረጸው፣ ያንኑ ቅጂ መጀመሪያ ደረቁን፣ ጆሮ ስር እንደሚንሾካሾክ አሰማው፣ አረፋው ሲወጣ ሪቨርብ (ማስተጋባት) እየጨመርክ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ አስመስለው። እኔ አንዴ እንዲህ ሰርቼ ስዕሉን ያላየ ሰው ሁሉ ገብቶታል።

ቀለም_ጠብ፦
ወይ ጉድ፣ በጣም አመሰግናለሁ። አረፋውንና የሚያጠፋውን እጅ እወስዳለሁ፣ ጎፍማንን ለሌላ ቀን። ግድግዳው ይነሳል፣ የተሳለበትን ሌየር (ንብርብር) ግን ዴሊት አላደረኩትም፣ ሃይድ ነው ያደረኩት፣ ጡቡን አንድ በአንድ ስስል 3 ቀን ፈጅቶብኛል 😭