ፀሐይ የሚያሞቀው የካምፕ መታጠቢያዬ ውሃው መሃል ላይ ይቆማል፤ ምን ላድርግ?

መንገደኛ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። ከቤተሰቤ ጋር በየጊዜው ድንኳን ይዘን እንወጣለን። ሦስትና አራት ቀን ላብና አቧራ ተሸክሞ መተኛት ስለሰለቸን በመኪናው ፖርቶመጋላ ላይ የሚታሰር መታጠቢያ በእጄ ሠራሁ። 110 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው የፒቪሲ ቧንቧ ነው። ሁለቱም ጫፎች ተደፍነዋል፤ ከላይ ክዳን ያለው መሙያ፣ ከታች የውሃ ጎማና ከቤት ሻወር የተፈታ ራስ አለው። ጥቁር ቀባሁት። ወደ 12 ሊትር ይይዛል።

ሙቀቱ አላሳፈረኝም፤ ያስቸገረኝ አወራረዱ ነው። መጀመሪያ ደህና ይወርዳል፣ ከዚያ እየቀጠነ ይሄድና ጭራሽ ይቆማል። ባለፈው ጉዞ የልጄ ፀጉር በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ውሃው ቀጥ አለ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ስትጠብቅ እኔ ጎማውን አራግፋለሁ፣ እነፋለሁ፤ ቧንቧው ግን ከግማሽ በላይ ሙሉ ነበር። አሁን ያሰብኩት የጎማ መንፊያ ቫልቭ ገጥሜ በብስክሌት ፓምፕ አየር ልሞላበት ነው። የሞከረ አለ?

ቧንቧ ሠራተኛ
ወንድሜ፣ ፓምፑን ለጊዜው ተወው። ቧንቧህ መተንፈሻ አጥቷል። ውሃ ሲወጣ ቦታውን የሚተካ አየር ካልገባ ውስጡ ባዶ ይሆንና ውሃውን ወደ ኋላ ይስበዋል። ማረጋገጡ ቀላል ነው፦ ውሃው ሲቀጥን የመሙያውን ክዳን ግማሽ ዙር አላላው። አየር ሲስብ ትሰማለህ፣ ውሃውም ወዲያው ይበረታል። እንዲያ ከሆነ ከቧንቧው በላይኛው ጎን፣ ከውሃ መውጫው ተቃራኒ ጫፍ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሳ።

ሁለተኛው ነገር የሻወሩ ራስ ነው። አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ነው። የቤት ሻወር ራስ ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ለሚበልጥ ግፊት የተሠራ ነው። የአትክልት ውሃ ማጠጫ ራስ ግጠምበት፤ እሱ የተሠራው በራሱ ክብደት ለሚወርድ ውሃ ነው። ጎማውንም አሳጥረው፣ ወፈር ያለ ይሁን። ቧንቧውን ስታስር በመውጫው በኩል ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርገው፤ አለበለዚያ የመጨረሻው ሊትር ተኝቶ ይቀራል።

ጥቁር በርሜል
እኔ ሁለት ዓመት በፓምፕ አየር ስሞላ ኖሬአለሁ፣ ምንም አልሆነም። ግፊቱ ግሩም ነው። ከ1.5 ባር አላሳልፍም።

ቧንቧ ሠራተኛ
እባካችሁ ይህን በቀላሉ አትዩት። ውሃ ሲጫኑት እምብዛም አይታመቅም፤ ቧንቧው ቢሰነጠቅ ትንሽ ያንጠባጥብና ግፊቱ ያልቃል። የታመቀ አየር ግን እንደ ተወጠረ ምንጭ ብረት ነው፣ ሲለቀቅ ሁሉንም ጉልበቱን በአንዴ ይለቃል። ፒቪሲ ደግሞ አይቀደድም፣ ይሰባበራል፤ ስባሪው እንደ ብርጭቆ ስለት ነው። በቧንቧው ላይ የተጻፈው የግፊት ልክም ቢሆን ቀዝቃዛ ውሃን ታስቦ የወጣ ነው። 60 ዲግሪ ሲደርስ የሚችለው ግፊት ከሩብ በታች ይወርዳል። እናንተ የምትነፉት ፀሐይ ካጋለችው በኋላ፣ ፊታችሁን አጠገቡ አድርጋችሁ ነው። በዚያ ላይ 110 ሚሊ ሜትሩ ብዙውን ጊዜ የፍሳሽ ማስወገጃ ቧንቧ ነው፤ ለግፊት ጭራሽ አልተሠራም። ጥቁር በርሜል፣ እስካሁን ስላልፈነዳ ደስ ይለኛል፤ ዛሬውኑ አቁመው።

ግፊት የግድ ካስፈለገ በእጅ የሚነፋ የአትክልት መርጫ ታንክ አለ። ለግፊት ታስቦ የተሠራ ነው። አዲስ መሆን አለበት፤ አንድ ጊዜ እንኳ ፀረ ተባይ የነካው ለገላ አይሆንም።

የሁለት ልጆች እናት
ስለ ግፊቱ በቂ ተብሏል። እኔን የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው። ለገላ የሚስማማው ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ነው። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በጥቂት ሰከንዶች ያቃጥላል፣ የሕፃን ቆዳማ ይብሳል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ጎማው ውስጥ የተኛውን ውሃ ነው፤ ቀጭን ስለሆነ ከቧንቧው ቀድሞ ይግላል። መጀመሪያ የሚወርደውን አንድ ኩባያ መሬት ላይ አፍስሱት፣ ከዚያ በክንዳችሁ ሞክሩት፣ ልጁ ከዚያ በኋላ ይግባ። ከሞቀ ቀዝቃዛ ጨምሩበት።

ደግሞ ለብ ያለ ውሃ ቀናት ይዛችሁ አትዙሩ፤ ባክቴሪያ የሚራባው በዚህ ሙቀት ነው። በየዕለቱ አፍስሱት፣ ቤት ስትደርሱ ክፍቱን አድርቁት። ለመጠጥም አይሁን። ሳሙና ይዛችሁ ስትታጠቡ ከወንዝና ከምንጭ ቢያንስ 60 ሜትር ራቁ።

በእግሬ እወጣለሁ
መኪና ለሌለን ከረጢት ይሻላል። 10 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 38 ዲግሪ ለማድረስ 840 ኪሎ ጁል ገደማ ይፈልጋል። ከሰል የመሰለ ጥቁር ከረጢት በጠራ ቀን ወደ ፀሐይ አዘንብላችሁ በስሱ ብታስተኙት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃዋል። ሰቅላችሁ ካሞቃችሁት ግን ሆዱ ተነፍቶ ፀሐይ የሚያገኘው ፊቱ ይጠባል። አስተኝታችሁ አሙቁት፣ ስትታጠቡ ብቻ ስቀሉት። ከሥሩ ደረቅ ሣር ወይም የመኝታ ፍራሽ አድርጉ፤ ቀዝቃዛ መሬት ሙቀቱን ይሰርቀዋል። የምትሰቅሉበትን ቅርንጫፍ ቀድማችሁ በክብደታችሁ ፈትኑት፤ 10 ሊትር ማለት 10 ኪሎ ነው።

መንገደኛ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ክዳኑን ሳላላ ቧንቧው በረጅሙ ተነፈሰ፣ ውሃውም ወዲያው ተመለሰ። ቀዳዳውን በሳሁ፣ የማጠጫ ራስ ገጠምኩ፤ 12 ሊትሩ ሳያቋርጥ በስድስት ደቂቃ ወርዶ አለቀ። የፓምፑን ሐሳብ ትቻለሁ። አንዲት ነገር ቀረችኝ፦ መኪናው ኮረኮንች ላይ ሲነጥር ውሃው በቀዳዳው እየተረጨ መስታወቱን ያጥበዋል።

ቧንቧ ሠራተኛ
ቀዳዳው ውስጥ ቀጭን ጎማ ሰካና ጫፉን ቀና አድርገህ አንድ ስንዝር ወደ ላይ እሰረው። አየሩ ይገባል፣ ውሃው አይወጣም። ቡሽ አድርገህ አትድፈነው፤ የሞቀ ውሃ ይሰፋል፣ መውጫ ይፈልጋል።