የባለታሪኳ ራስ የመጽሔቱን ስም ሲሸፍን ንባቡ ተበላሸ፤ ምን ይሻላል?

ዳዊት_ዲዛይን
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ አዲስ ወርኃዊ መጽሔት ሽፋን ላይ ነኝ፤ ስሙ «ቤተሰብ»፣ መጠኑ ኤ4፣ ሥራው በኢንዲዛይን። ስሙ ከኋላ ሆኖ የሴትየዋ ራስ ከፊቱ እንዲወጣ ተፈልጓል። የእንግሊዝኛ መጽሔቶች ስማቸው ግማሽ ድረስ ተሸፍኖም ይነበባል። የእኛውን ስሞክረው ግን ሌላ ቃል ይመስላል። ፎንቱ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ቦልድ ነው፤ እንዲወፍር ስትሮክ (በፊደሉ ዙሪያ የሚዞር መስመር) ጨምሬበታለሁ። ቀለሙ ነጭ። ስሙን ላሳንሰው ወይስ ፎቶ ልቀይር?

የፊደል_እግር
ሁለቱንም አታድርግ። ጥያቄው ምን ያህል ተሸፈነ ሳይሆን የቱ ተሸፈነ ነው። የላቲን ፊደል በአብዛኛው ከላይኛው ግማሹ ይለያል፤ ራስ ደግሞ ስምን የሚሸፍነው ከታች ስለሆነ ንባቡ ይተርፋል። የእኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚቀይረው ባብዛኛው እግሩ ላይ ነው። ለ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ ከወገብ በላይ አንድ ናቸው። ሳብዕ (ሰባተኛው ድምፅ) እንኳ ወጥ አይደለም፤ ሎ፣ ቶና ኖ ቀለበታቸው አናት ላይ ነው፣ ቦና ሶ ግን በእግር ርዝመት ነው የሚለዩት።

ወደ ስምህ ስንመጣ፣ የ«ቤ» ቀለበት ከተሸፈነ «በተሰብ» ይሆናል፤ እሱን በምንም ዓይነት አትንካ። «ብ» ምልክቷ ግራ ጎኗ ላይ ስለሆነ እግሯ ትንሽ ቢሸፈን አይከፋም። «ተ» አንድ እግር ብቻ ስላላት ያ እግር ከነጫፉ መታየት አለበት፤ ያለዚያ ቲ ትሁን ቴ አይታወቅም። «ሰ» ሁለት እግር ነው ያላት፤ ሁለቱም ከነጫፋቸው ይታዩ። የግራው ከታየ ሳ አለመሆኗ፣ የቀኙ ከታየ ሲ ወይም ሴ አለመሆኗ ይለያል።

አራቱ ፊደላት 190 ሚሊ ሜትር ላይ ሲዘረጉ እያንዳንዳቸው 45 ያህል ይደርሳቸዋል፤ የገጹ መሐል የሚውለው በ«ተ» እና በ«ሰ» መካከል ነው። ራሷ መሐል ላይ ከሆነ በፊደሉ እግር መስመር ላይ የሚሸፍነው ስፋት በ«ተ» እግርና በ«ሰ» ግራ እግር መካከል ካለው ክፍተት አይለፍ። ከሰፋ ፎቶውን ዝቅ አድርገው፤ ስሙ መጠኑን ይያዝ።

ብርዕና_ቀለም
ከላይ ያለው ልክ ነው፤ ስትሮኩን ግን ዛሬውኑ አውጣው። ስትሮክ ወደ ውጭ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥም ስለሚያብጥ የ«ቤ» ቀለበት ይደፈንና ጉብታ ይሆናል፤ በስልክ ላይ ሲያንስ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እስከ ብላክ (ከቦልድም የወፈረው) ድረስ ውፍረት አለው፤ ጠበብ ያለም አለው። ብላኩን ተጠቀም። በግድ ማዘንበልም ይቅር፤ እግሮቹ ከመስመር የወጡ ይመስላሉ።

የራሱ መልክ ያለው ስም ከተፈለገ በኢሊስትሬተር ወደ አውትላይን (እንደ ሥዕል የሚስተካከል ቅርጽ) ቀይረህ ሣለው። የብራና ጽሕፈት መልኩን ያገኘው ከመቃ ብርዕ ነው፤ ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን። ያን ልዩነት ጠብቀህ የቀለበቱን ውስጥ ከለመድከው ሰፋ አድርገው። ክፍተቱንም በእጅ አስተካክል፤ የ«ቤ» ቀለበት ወደ ቀኝ ስለሚወጣ ከ«ተ» ጋር ሰፊ ጎድጓዳ ይፈጠራል፣ ነገር ግን የ«ተ» ክንድ ከቀለበቱ በላይ ስለሚያልፍ ማጠጋጋት ይቻላል። ኬርኒንጉን ከ−30 ጀምረህ በዓይንህ ፍረድ።

ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ በሥዕሎቹ ፊደልን ይበትናል፣ ያጣምማል፤ ደስ ይላል። እሱ ግን እንዲነበብ አይገደድም፤ የአንተ ስም መደርደሪያ ላይ መነበብ አለበት።

ዳዊት_ዲዛይን
ገባኝ፣ ስትሮኩ ወጥቷል። የራሷን ቆረጣ በፎቶሾፕ ሠርቼ ስሙ ላይ ሳስቀምጠው ግን ዳር ዳሩ ላይ ጥላ የመሰለ ድርብ መስመር ይታያል።

ማተሚያ_ክፍል
ድርቡ የሚመጣው ሁለቱ ፎቶዎች በጥቂት ፒክስል ስለተዛነፉ ነው። ቆረጣውን በራሷ ልክ ክሮፕ አታድርገው፤ ከመነሻው ፎቶ ጋር በአንድ ስፋት አስቀምጠው። በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ብሊድ (ከታተመ በኋላ የሚቆረጥ ትርፍ) ሲጨመር 216 በ303 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ300 ዲፒአይ 2551 በ3579 ፒክስል። ቀለሙ ሲኤምዋይኬ (የኅትመት አራቱ ቀለሞች) ይሁን፣ ሁለቱንም በአንድ ኤክስና ዋይ ላይ አስቀምጥ። ቅደም ተከተሉ ከታች ሙሉ ፎቶ፣ ከዚያ ስሙ፣ ከላይ ቆረጣው። የፀጉሩን ዳር በሴሌክት ኤንድ ማስክ አጥራው፤ የጀርባው ቀለም ፀጉሩ ላይ ከቀረ ነጭ ፊደል ላይ ወዲያው ያሳብቃል።

ስሙ ነጭ ከሆነ ደግሞ ኦቨርፕሪንት (ከሥሩ ያለውን ቀለም ሳያነሣ በላዩ ማተም) እንዳልበራበት አረጋግጥ። ጥቁር የነበረ ጽሑፍ ኦቨርፕሪንት እንደበራ ወደ ነጭ ከተቀየረ በስክሪን ይታያል፣ በማተሚያው ፕሌት ላይ ግን የለም። ኦቨርፕሪንት ፕሪቪው ከፍተህ ካልጠፋ ደህና ነው። ለጥቁር ትልልቅ ፊደል ሲያን 60፣ ማጀንታ 40፣ ቢጫ 40፣ ጥቁር 100 በመቶ ይሆናል፤ ለትንንሹ ጽሑፍ 100 ጥቁር ብቻ፣ ያለዚያ ቀለሞቹ ትንሽ ሲዛነፉ ይደበዝዛል። ፎቶ ላይ ነጭ ሆኖ የሚወጣ ጽሑፍ ቀጭኑ መስመሩ ከ0.5 ነጥብ አይነስ።

የፊደል_እግር
ስለ ንዑስ ርዕሶቹም ልጨምር። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ማዕረጉን በውፍረትና በመጠን ስጠው። የመስመር ክፍተቱን ከፊደሉ መጠን 120 በመቶ አካባቢ አድርገው፤ ፊደሉ ቁመቱን ሙሉ ስለሚይዝ በላቲን ልክ ከተጠጋ ግድግዳ ይሆናል። መስመሩንም ራስህ በሺፍትና ኢንተር ስበር፤ ለፕሮግራሙ ከተውከው ቃሉን የትም ሊቆርጠው ይችላል።

ብርዕና_ቀለም
አንድ ነገር ላይ አልስማማም። መጽሔቱ አዲስ ነው። ስሙን የማያውቅ አንባቢ የተሸፈነውን በግምት አይሞላም፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እትሞች ላይ ስሙ ሙሉ ይውጣ፣ ራሷ ከስር ትቅር። ደንበኛው እምቢ ካለ ሽፋኑን 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ አሳንሰህ ስሙን ለማያውቅ ሰው አሳየውና የሚያነበውን ደንበኛው አብሮህ ይስማ።